ሰሚራ የጥርስ ሐኪም የሆነችበት ክረምት

ባለፈው ሳምንት ጥርሴን አሞኝ የልጅ ልጄ ነጂባ ቡሪየን ከተማ ወዳለ ክሊኒክ ወሰደችኝ። ሐኪሟ ልጅ እግር የአገራችን ልጅ ናት። ስሜን አይታ ነው መሰለኝ በአማርኛ «እማማ፣ አፍዎን ከፈት ያድርጉልኝ» አለችኝ። ከፈትኩላት። መብራቱን ስታስተካክል ከኋላዋ በሩ ላይ የተጻፈውን አየሁ። እንግሊዝኛ አላነብም፤ ያችን አንዲት ቃል ግን ከዱሮ ጀምሮ በመልኳ አውቃታለሁ፣ ዴንታል ትላለች። ሳቄ መጣ። አፍን ከፍቶ መሳቅ እንዴት እንደሚያስቸግር የሞከረው ያውቀዋል። «አመመዎት እንዴ?» አለች ልጅቱ ደንግጣ። ነጂባም ከወንበሯ ተነሳች። ምን ልበላቸው? ነገሩ ረጅም ነው፤ ነጂባ ከመወለዷ በፊት ነው። ቤት ገብቼ ጉንጬ እንደደነዘዘ ቁጭ ብዬ ይህን መጻፍ ጀመርኩ።

ያኔ የምንኖረው እዚሁ አሜሪካ፣ ሬኒየር ቢች የሚባል ሰፈር ነበር፣ ሦስት ፎቅ አፓርትመንት፣ ሁለተኛው ላይ። ዛሬ ባቡር የሚያልፍበት ሰፈር ያኔ አውቶቡስ ብቻ ነው ያለው። ስንሳፈር ሹፌሩ ትራንስፈር የምትባል ባለቀለም ወረቀት ቀደድ አድርጎ ይሰጠናል፤ እሷን የያዘ ሌላ አውቶቡስ ሲቀይር አይከፍልም። «የዛሬዋ ቀለም ምን ትሆን?» እያልን እኔና ልጄ ሰሚራ ጠዋት ጠዋት እንወራረድ ነበር። አንድ ዶላርና ጥቂት ሳንቲም የያዘ ሰው ከተማዋን ዞሮ ይመለሳል። አገር ቤት የሚደወልባት ካርድ አምስት ዶላር ነበረች፤ በሳንቲም ፍቀን፣ ያን ሁሉ ቁጥር ነክተን፣ ገና «እንዴት ናችሁ፣ ከብቱስ፣ ልጆቹስ» ስንባባል ታልቃለች። የከተማው ወጣት ልብስማ! ጉልበቱ ላይ የተቦደሰ ጂንስ፣ ወገቡ ላይ የተቋጠረ ባለ ካሬ ሸሚዝ፣ ያልተበጠረ ጸጉር። እኔ የችግር መስሎኝ ሆዴ ይባባ ነበር። አንድ ቀን አውቶቡስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠውን ልጅ ጉልበቱን ነካ አድርጌ፣ በእጄ የመርፌና የክር ምልክት አሳየሁት፤ ልስፋልህ ማለቴ ነው። ሰሚራ ልትሞት! «እማ! ፋሽን ነው! ፕሊስ!» ልጁ ግን ደስ ብሎት ሳቀ፤ የሳቀበት ጥርስ ዛሬም ይታየኛል፣ ነጭ፣ አንድ ያልጎደለ። የሀብታም ልጅ መሆኑ ያኔ ገባኝ።

ባለቤቴ ከድር ዋይት ሴንተር የሚባል ሰፈር ውስጥ ትንሽ ሱቅ ነበረችው። ወርዷ ሁለት ሰው ትከሻ ለትከሻ አያሳልፍም። ምስር፣ ሽሮ፣ በርበሬ፣ የስልክ ካርድ፣ ካሴት። ካሴቶቹን ለመሸጥ ብሎ ቀኑን ሙሉ እያጫወተ አንዱን በጣም ስለወደደው ክሩ ተለጥጦ የዘፋኙ ድምፅ እንደ ፍየል ሆነ። ከሱቁ ፊት ለፊት የልብስ ማጠቢያ ቤት አለ፣ ከጎኑ የቬትናም ሰዎች ልብስ ስፌት፣ ከዚያ ቀጥሎ ደግሞ ትልቅ ጥርስ የተሳለበት ሰሌዳ የሰቀለ ክሊኒክ። «ይሄ ምን ይላል?» ብዬ ሰሚራን ብጠይቃት «ዴንታል» አለችኝ። እኔ ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። ፊደል የቆጠርኩት ወልጄ ከብጄ፣ ሁሉም ሰው ይማር በተባለ ጊዜ፣ ቀበሌ አዳራሽ ውስጥ ሰሚራን አዝዬ ነው። «ሀ ሁ» ብለን ስንጮህ እሷ ጀርባዬ ላይ ታለቅስብኛለች። እና እዚህ አገር በራሴ የያዝኳት የመጀመሪያዋ የእንግሊዝኛ ቃል ዴንታል ሆነች። በሰሌዳው ባለፍኩ ቁጥር «ዴንታል» እላለሁ፣ ሰላምታ ይመስል።

ሰሚራ ያኔ ሃያ ዓመት ሊሆናት ነው፤ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ገብታለች። ምን እንደምትማር ለይተን አናውቅም፣ እሷም ለይታ አልነገረችን። የዚህ አገር ክረምት በጥቅምት ነው የሚገባው፤ ዝናቡ እንደጀመረ አንድ ቅዳሜ ጡብ የሚያህል መጽሐፍ ታቅፋ፣ ጆሮዋ ላይ ያችን የሙዚቃ ማዳመጫ ደፍታ ወደ ሱቁ መጣች። አባቷ ምስር እየመዘነ «ምንድን ነው የምታጠኚው?» አላት። አንዱን ጆሮዋን ገለጥ አድርጋ «ትራንሰንዴንታሊዝም» አለችና መልሳ ደፍናው ወደ ጓዳ ገባች።

«ምን አለች?» አለኝ።

እኔ መጀመሪያውን አልሰማሁትም። መሃሉን ግን አወቅኩት፤ በየቀኑ ሰላም የምለው ነው። «ዴንታል ነው ያለችው» አልኩት። «የጥርስ ሕክምና።»

ጭልፋውን ምስሩ ውስጥ ተወው። የሰሚራ አባት ያኔ ሁለት የፊት ጥርሶቹ ወልቀዋል፤ ሰው ፊት ሲስቅ እጁን አፉ ላይ ያደርግ ነበር። ያን ቀን እጁን ማንሳት ረስቶ ሳቀ። «የጥርስ ሐኪም! እኔ እኮ ነርስ ብትሆንልኝ ነበር የምመኘው። የኔንም አፍ ልጄ ትሠራልኛለች በይኛ!» እስከ ሰኞ ወሬውን ያልሰማ ሐበሻ በዚያ ሰፈር አልነበረም። ከኛ በላይ ሦስተኛ ፎቅ የምትኖረው ብርነሽ ዕለቱኑ ወርዳ ቤታችን መጣች። ብርነሽ የአዲስ አበባ ልጅ ናት፣ አፏ አያርፍም፣ ልቧ ግን ሰፊ ነው።

«ነይማ ዶክተሬ፣ ይቺን የኋለኛዋን እዪልኝ» አለቻት ሰሚራን፣ አፏን ወደ አምፖሉ አቅንታ። «ቀዝቃዛ አላስነካም ብላለች።»

«ዋት? እትዬ ብርነሽ፣ እኔ እኮ…»

«አይዞሽ፣ ተማሪ መሆንሽን አውቃለሁ። ዓይንሽ ግን ከኔ ይሻላል።»

ሰሚራ እኔን አየችኝ። እኔ ደግሞ በኩራት ጥቅስ አደረግኳት። ይሄኔ አባቷ ከሥራ ገባ። በሩ ላይ ቆሞ ልጁን ሰው አፍ ላይ አጎንብሳ ሲያያት ፊቱ እንዴት እንደበራ እኔ መጻፍ አልችልበትም። ሰሚራም አየችው። ልትናገር ከፍታው የነበረውን አፏን ዘጋችና «በጨው ውሃ ይጉመጥመጡ» አለች። እንዲህ ሆና ልጄ የጥርስ ሐኪም ሆነች።

ክረምቱን ሙሉ እንዲሁ አለፍን። ሰዉ ለልጆቹ «እንደ ሰሚራ ሁኑ» ይላል። እሷ ከሳች፣ ዝም አለች፤ እኔ የጥናቱ ክብደት መሰለኝ። አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ግን «እማ፣ ሆምወርክ አለኝ፣ አብረሽኝ ትሄጃለሽ?» አለችኝ። አስተማሪዋ ነጭ ጸጉር ያላት አሜሪካዊት ናት፤ ተማሪዎቹን ዛፍ ሥር አንድ ሰዓት ብቻችሁን ዝም ብላችሁ ተቀመጡና የሰማችሁትን ጻፉ ብላቸዋለች። ሰሚራ ጫካ ብቻዋን መግባት ፈራች። ሰፈራችን አጠገብ፣ ሐይቅ ዳር ያለ መናፈሻ ውስጥ ያረጁ ዛፎች አሉ፣ ሦስት ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ የማያቅፋቸው። ዝናቡ አባርቶ ነበር። ከአንዱ ሥር ፌስታል አንጥፈን ጀርባ ለጀርባ ተቀመጥን። እኔ ዝም ብዬ አስባለሁ፤ ጥርስ ለማከም ዛፍ ሥር መቀመጥ ምን ያደርጋል? የጥርስ መፋቂያ ሊያስቆርጧቸው ይሆን? ቆይቼ አላስቻለኝም፣ ጠየቅኳት።

ጀርባዋ ጀርባዬ ላይ ሲንቀጠቀጥ ተሰማኝ። የሳቀች መስሎኝ ነበር፤ ዞሬ ባይ ታለቅሳለች። «ጥርስ አይደለም እማ። ጥርስ ሆኖ አያውቅም። ስነ ጽሑፍ ነው።»

እዚያው ፌስታሉ ላይ ነገረችኝ። በዚህ አገር በምሥራቁ በኩል፣ ከመቶ ሃምሳ ዓመት ገደማ በፊት፣ አንዳንድ የሚጽፉ ሰዎች ነበሩ አለች። በየሰው ልብ ውስጥ አንድ ብርሃን አለ፣ መጽሐፍም አዋቂም ከመጠየቅህ በፊት እሱን አድምጥ ይላሉ። በትንሽ ነገር መኖር ይቻላል ይላሉ። ፈጣሪ በዛፉም፣ በውሃውም፣ በሰዉም ውስጥ አንድ ሆኖ ይተነፍሳል ይላሉ። ሰው ሰውን በባርነት መግዛቱን የተቃወሙ አሉባቸው። ከእነሱም ውስጥ ከተማውን ትቶ ጫካ ገብቶ ጎጆ የቀለሰ ነበረ።

«እናቱ አልፈለገችውም?» አልኳት።

«ኧረ እማ! አልጠፋም እኮ፣ ወዶ ነው የሄደው። ሶ… ሰዎች የሚሉትን ትቶ የራሱን ለመስማት። ምን ይባላል በአማርኛ? ሰው ሁሉ ሲያይሽ፣ ምን ይሉኛል ብለሽ የማትፈልጊውን ስታደርጊ?»

«ይሉኝታ ነዋ!»

«ይሉ… ምን?»

«ይሉኝታ። ‹ይሉኛል› ከማለት የመጣ።» ልጄ ያችን ቃል ሳታውቅ ማደጓ ገረመኝ፤ ደብተሯን አውጥታ ከነፊደሉ አስጻፈችኝ። ከዚያ እኔም ነገሩ ጣመኝና «ለካስ ስማቸው ራሱ ይናገራል» አልኳት። «ትራንሰ ዴንታ አይደል የምትይው? ዴንታ የሌላቸው ሰዎች ማለት ነው!» ይህን ስላት እንባዋ ሳይደርቅ እየሳቀች እርጥቡ ቅጠል ላይ ተንከባለለች። ያን ዕለት ያ አንድ ሰዓት ዝምታ ሳይጠበቅ ቀረ፤ አስተማሪዋ ምን ብላ እንዳረመችው አላውቅም።

እነዚያን ሰዎች ከዚያ በኋላ ብዙ አስቤያቸዋለሁ። ምስር ስለቅም፣ አውቶቡስ ስጠብቅ። የልብ ብርሃን የሚሉትን እኛ ልቦና እንለው የለ? «ልቤ ነገረኝ» የሚል ሰው መቼ ትምህርት ቤት ገብቶ ተማረው? የዛፉን ነገር ደግሞ፣ ዛፉ ራሱ አላህ ነው ካሉ እዚያ ላይ አብሬያቸው አልሄድም። ዛፉ አላህን ያወሳል ካሉ ግን እሱን እናቴም ታውቀው ነበር፤ ከእንሰቷ ቅጠል ስትቆርጥ ቢስሚላህ ትልና «አትጩሁ፣ ይሰማል» ትለን ነበር፣ ቡታጅራ ጓሯችን ውስጥ። ያላስማማን ይሉኝታ ነው። እኛ ይሉኝታ የሌለውን ሰው እንሰድባለን እንጂ መጽሐፍ አንጽፍለትም። እዚህ አገር በገባን ሰሞን ፍራሽ ተሸክሞ የመጣልን፣ ድስት ያዋሰን፣ ልጅ ያቀፈልን ሰው ሁሉ በልቡ ብርሃን ብቻ መጣ? ግማሹ «ምን ይሉኛል» ብሎ ነው የመጣው፤ ፍራሹ ግን ያው ፍራሽ ነው፣ ተኝተንበታል። ይህን ለሰሚራ ብነግራት ደብተሯን ከፈተችና «ይሄንንም እጽፈዋለሁ» አለችኝ። ጻፈችውም፤ ያቺ አስተማሪ ወረቀቱን ለክፍሉ አስነበበችው አለችኝ።

ጭንቁ ግን ገና ነበር። ጸደይ ላይ ሰሚራ ወደ ትልቁ ዩኒቨርሲቲ ልትዛወር ነው፤ ማመልከቻው ደግሞ የምትማሪው ምንድን ነው ይላል። አባቷ በዒድ ቀን ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት ሊያበስር አስቧል።

«ለአባትሽ ንገሪዋ» አልኳት። «እነዚያ ሰዎችሽ የልባችሁን ተናገሩ ይላሉ አላልሽኝም?»

«እኔ ጥርስ ብዬ መች አወጣሁ እማ? አንቺ ነሽ ያወጣሽው።»

እውነቷን ነው። ግን እኔ ስንት ሳምንት አሳለፍኩ! ማታ ራት ላይ እነግረዋለሁ እልና እጁን አፉ ላይ ሳያደርግ ሲስቅ አይቼ እተወዋለሁ። ጠዋት ሱቅ ስንከፍት እነግረዋለሁ እልና ያንን እንደ ፍየል የሚጮኸውን ካሴት ከፍ ያደርገዋል። የሰፈሩን ሴቶች ዓይን ሳስብ ደግሞ ለነገ አሳድረዋለሁ። ዛፍ ሥር ተቀምጬ ስለ ይሉኝታ የተፈላሰፍኩት ሴትዮ!

ዒድ ደረሰ። ሬኒየር ቢች ያለውን አዳራሽ ተከራይተን እስላሙም ክርስቲያኑም ተሰብስቧል። ሕፃናቱ በእንግሊዝኛ እየጮሁ በጠረጴዛው ሥር ይሯሯጣሉ። ብርነሽ አንድ ካርቶን ብርቱካን አሸክማ መጥታለች። ከተበላ በኋላ የሰሚራ አባት አዲሱን ኮቱን ቆልፎ ተነሳ። «ወገኖቼ፣ አላህ ይመስገን፣ ልጄ ሰሚራ በሚመጣው ዓመት…» ሲል ሰሚራን አየኋት። ዓይኗን ጨፍናለች። ተነሳሁ። እኔ ከወንድ ፊት ቆሜ ተናግሬ አላውቅም።

«ጥርስ አይደለም» አልኩ።

«ምን ሆነሻል ዘይነባ?» አለኝ ባለቤቴ።

«ጥርስ አይደለም የምትማረው። እኔ ነኝ ተሳስቼ የሰማሁት። እሷ ያላለችውን እኔ አወራሁላት፣ አንተ ደስ ሲልህ ደግሞ ማፍረስ አቃታት። ልጄ የምትማረው መጽሐፍ ነው፤ ሰዎች የጻፉትን ታነባለች፣ እሷም ትጽፋለች።»

ብርነሽ ናት ያዳነችን። «ታዲያ የኔን ጥርስ በጨው ያስጉመጠመጠችኝ በማን ፈቃድ ነው?» አለች።

«አልተሻለሽም?» አላት አንዱ ከኋላ።

«ተሽሎኛል እንጂ! እሱ ነው የገረመኝ!»

ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። ከድር ብቻ አልሳቀም። ሰሚራ ሄዳ ፊቱ ቆመች፤ «አባ፣ ያኔውኑ መናገር ነበረብኝ። ይቅር በለኝ።»

«መጽሐፍ ተምረሽ ምን ትሆኛለሽ?»

«ገና አላውቅም። ሌላ ነገር ስማር ግን ልቤ እዚያ የለም።»

ራሱን ነቀነቀ፤ እሺ ይሁን እምቢ አልለየም። ተቀመጠ።

ከዚያ በኋላ ዝም አለ። ቁጣ እንኳ የለውም፤ «ውሃ ስጡኝ»፣ «በሩን ዝጉ»፣ ከዚህ ሌላ ቃል አይወጣውም። ሰሚራ ማመልከቻዋን ሞልታ ፖስታ ውስጥ ከታ መጽሐፎቿ ላይ አስቀመጠችው። የማመልከቻው ጊዜ ሊዘጋ ወር አይሞላውም። «ላኪው እንጂ» አልኳት። «እነዚያ ሰዎችሽ ቢሆኑ አባታቸውን ይጠብቁ ነበር?»

«እነሱን ተያቸው እማ» አለችኝ። «እኔ ያለ አባ ዱዓ አልልከውም። ለሌላው ሰው ዴንታ የለኝም። ለሱ ግን አለኝ።»

በሦስተኛው ሳምንት፣ ሐሙስ ቀትር ላይ፣ ሱቁ ውስጥ ከመደርደሪያው ኋላ ቁጭ ብዬ ሽሮ ወደ ትንንሽ ከረጢት እገለብጣለሁ። ከድር እዚያ መሆኔን የሚያውቅ አይመስለኝም፤ ለዙህር ሰላት ወደ ጓዳ የገባሁ መስሎታል። አንድ ሽማግሌ ደንበኛ ገቡ፤ በዒዱ ቀን አልነበሩም።

«ከድር፣ ዶክተሯ እንዴት ናት?» ሲሉት ሰማሁ።

እጄ ላይ ያለው ከረጢት ቆመ። ከዚያ ባለቤቴ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ዶክተር አይደለችም አባቴ» አለ። «እኛ ተሳስተን ነው። እሷ የምትማረው መጽሐፍ ነው።»

«መጽሐፍ? መጽሐፍ ደሞ ምን ያደርግላታል?»

«እኔ አላውቀውም» አለ። «እሷ ታውቀዋለች።»

ሽማግሌው አንድ ኪሎ ምስር ገዝተው ወጡ። በሩ ሲዘጋ ስልኩ ሲነሳ ሰማሁ። ቁጥሩን ሲነካ አንዴ ተሳስቶ እንደገና ጀመረ። «ሰሚራ» አለ። «ያ ወረቀት እስካሁን አለ? … ዛሬውኑ ላኪው። … አዎ፣ ዛሬ። አላህ ያቅናልሽ ልጄ። … አይ፣ አላለቅስም፣ በርበሬው ነው።» ዘጋው።

እኔ ሽሮዬን ይዤ እዚያው ቆየሁ። ጉልበቴ ደንዝዟል፣ መነሳት እፈልጋለሁ፤ ግን ብወጣ እንደሰማሁት ያውቃል፣ ያፍራል ብዬ ሌላ ደንበኛ እስኪገባ ድረስ ትንፋሼን ውጬ ቁጭ አልኩለት።